ጠፋች ማለት

የመሥሪያ ቤት አቤቱታ ሁሉ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲገባ ከታዘዘ ወዲህ፣ የሰዉን አማርኛ የሚያስገባው ተርጓሚ ማሽን ነው። የኮምቦልቻዋ አሰገደች «ልጄ ትርንጎ ለሥራ እንደወጣች ጠፋችብኝ» ብትለው፣ ማሽኑ «ሎስት» ብሎ ጻፈላት። ይህ ቃል የጠፋንም የሞተንም ይይዛል። «ሚሲንግ»፣ ያለችበት አልታወቀም፣ ብሎ ቢሆን ኖሮ ይፈልጓት ነበር።

በሳምንቱ ከመዝገብ ቤት «ነፍስ ይማር» የሚል መልእክት ደረሳት። ፍለጋው ቆመ፤ ከመዝገብ ቤቱ ጋር የተያያዘው፣ በጣት አሻራ የሚከፈተው የቤቷ በርም የትርንጎን አሻራ ሰረዘ።

አሰገደች መዝገብ ቤት ሄደች።

«ጠፋች እንጂ መቼ ሞተች አልኩ?» አለችው ጸሐፊውን ይመርን።

«እናቴ፣ እኛ የምናየው እንግሊዝኛውን ነው። እንዲስተካከል እሷ ራሷ ቀርባ አሻራ መስጠት አለባት።»

«እሷን ባገኛትማ አንተ ደጅ ምን አመጣኝ?»



አሰገደች ቤቷ ተመልሳ ከጎረቤት ካቻቪቴ ተዋሰች። የማጠፊያዎቹን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ በሩን ነቀለችና ግቢው ውስጥ ወረወረችው። መርዶውን የሰሙ ዕድርተኞች ድንኳን ተሸክመው ሲደርሱ፣ በር በሌለው ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«መልሱት» አለች። «እዚህ ቤት ልቅሶ የለም።»