የአያት ጥያቄ

«እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?» እትዬ ትርንጎ ሳሎን ቆመው የውስጡን በር ተቆጡት።

«እማዬ፣ ከበሩ ጋር አትጨቃጨቂ» አለች አራሷ ልጃቸው ምንትዋብ ከግድግዳው ማዶ።

በዚያ ዘመን በር በእጅ አይከፈትም፤ የቤቱ መሪ ኮምፒውተር የመጣውን ሰው ማንነትና ጥያቄ ሰምቶ ወደተወሰነለት ክፍል ያስገባዋል። ለአያት የተወሰነው ሳሎን ነበር።

«ነርስ ነኝ በይው፣ ይከፍትልሻል።»

«እናትሽ ነኝ! ለበር ብዬ ነርስ ልሁን?»

ሕፃኑ አለቀሰ። እትዬ ትርንጎ እንደሚያቅፍ ሰው እጃቸውን ግድግዳው ላይ ዘርግተው እሹሩሩ አሉ።

«የበሩን ትእዛዝ የጻፍከው አንተ ነህ!» አለች ምንትዋብ አጠገቧ ያለውን ባሏን።

«አንብበሽ አልተስማማሽም?»

ክርክሩ ቀጠለ። እትዬ ትርንጎ ለአራሷ ያመጡትን ገንፎ እንዳይቀዘቅዝ በነጠላቸው ጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ወደ መውጫው አመሩ። ለሚወጣ ሰው መሪው ጥያቄ የለውም፤ የውጭው በር ወዲያው ተከፈተላቸው።