ከዳር የቆሙት እማማ

የሰባኛ ዓመት ልደታቸው ፎቶ ታትሞ ሲመጣ፣ እማማ ራሳቸውን ፈልገው አጡ።

ልጃቸው አለ። ምራታቸው አለች። የምራታቸው እህት እንኳ፣ ማንም ሳይጠራት የመጣችው፣ ጥርሷን አውጥታ መሐል ላይ ጉብ ብላለች። ከባለ ልደቷ የተረፈው ግን አንድ ክርንና የቦርሳ ማንጠልጠያ ነበር።

«እሰይ! ገና ሳልሞት ረሱኝ» አሉ እማማ።

ጥፋቱ የምራት ነበር። ሰው ስለበዛ ፎቶው በስልክ በስፋት ተነሥቶ እንደ አግዳሚ ወንበር ረዝሟል፤ በኢንተርኔት ያዘዘችው ወረቀት ግን አጠር ያለ ነው። እሷም ሳታስብ «ወረቀቱን ይሙላ» የሚለውን ተጫነች። ወረቀቱም ሞላ፤ የተረፈው ከግራና ከቀኝ ተቆረጠ። በግራ በኩል የተቆረጠው መጋረጃ ነው፤ መጋረጃ ደግሞ አያኮርፍም። በቀኝ በኩል የነበሩት እማማ ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ፣ የግድግዳውን ሰዓት ሊሰቅሉ መጥተው «ይግቡ እንጂ» የተባሉት የማዶው ሰዓት ሠሪ ቆመው ነበር፤ የእሳቸውን መቅረት እንኳ ልብ ያለ የለም።

«መሐል ይቀመጡ ብዬ ለምኜዎት አልነበር?» አለች ምራት።

«እኔ ዳር መቆም እወዳለሁ። ዳር የቆመ ይቆረጥ የሚል ሕግ ወጥቷል?»

ባል እናቱንም ሚስቱንም ስለሚፈራ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ሁለቱን ሴቶች እሳትና ጭድ ናቸው ማለት ማጋነን ነው። እሳትና እርጥብ እንጨት ናቸው፤ አይነድዱም፣ ይጨሳሉ። እማማ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ ስለኖሩ የምራታቸው ቀሚስ ጫፍ ሁልጊዜ ተጣሞ ይታያቸዋል። «ዓይኔ ደከመ እንጂ እጄ አልደከመም፤ ነይ ላስተካክልልሽ» ይሏታል። ምራት በበኩሏ የሒሳብ አስተማሪ ናትና በዚያ ቤት ልክ የምታውቅ እሷ ብቻ ትመስላታለች።

አሁን ግን ነገሩ ከቀሚስ አለፈ። እማማ ሻንጣቸውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አስወረዱ።

«ሴት ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ። እዚያ እንኳ ፎቶ ላይ አለሁ።»

ባል ሚስቱን ወደ ማእድ ቤት ጠራት። «እናቴ ከዚህ ቤት ከወጣች የእኔና ያንቺም ነገር አበቃ፤ እወቂው» አላት።

ምራት እንደገና አዘዘች። በዚህኛው «ሙሉ ፎቶ፣ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ» የሚለውን መረጠች። ከመላኳ በፊት ለባሏ አሳየችው። እማማም መነጽራቸውን እስኪያደርጉ ስልኩን ያዘችላቸው።

«ይኸው፣ እዚህ አሉ አይደል?»

«አለሁ፣ አለሁ» አሉ እማማ። ጣታቸውን ከስክሪኑ ዳር ቶሎ አላነሱም።

ምራት ደስ አላት። ፍሬምም በወረቀቱ ልክ ገዛች።

ፖስታው ሲመጣ ቤት የነበሩት እማማ ብቻ ናቸው። ሁሉም ከሥራ ሲመለስ ራሳቸው አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ደግሞ ማሸግ ሲያውቁበት!» አሉ። እውነትም ከጥግ እስከ ጥግ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ምራት በጥርሷ ታግላ ከፈተችው።

ከላይ ነጭ ጠርዝ አለ። ከታች አለ። በግራም አለ፤ መጋረጃው ሳይቀር በክብር ተመልሷል። እማማ የሉም። አሁንስ ክርናቸውም፣ የቦርሳቸው ማንጠልጠያም የለም።

«ይኸው፣ ጨርሳ አጠፋችኝ!» ብለው እማማ ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ።

ባል ፎቶውን ፍሬሙ ውስጥ ከተተው። ላላና ወደ አንድ ጎን ተንሸራተተ።

«ፍሬም እንኳ በልኩ መግዛት አቃተሽ? አንቺ ነሽ የሒሳብ አስተማሪ?»

ምራት አታሚዎቹ ዘንድ ደወለች።

«እኛ ሙሉውን ነው ያተምነው፣ እመቤቴ» አላት ሰውየው።

«እና አንዲት ሙሉ ሴትዮ የት ገቡ?»

«እሱን እንግዲህ ሴትዮዋን ይጠይቁ።»

ባል ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ እሺ። ሁለተኛውስ?» አለና ትራሱን ይዞ ወደ ሶፋው ሄደ። ምራት አለቀሰች። ባልሠራችው ሥራ በገዛ ቤቷ እንደ ክፉ ሰው መታየቷ አንገበገባት።

በማግስቱ እማማ ሻንጣውን ወደ ቦታው አስመለሱት። «ይቅር ብያታለሁ። ብቻ ሌላ እንዳታዝ፤ ከእንግዲህ ፎቶ በቃኝ» አሉ። ባል እናቱን «መልአክ ነሽ» አላቸው። ለምራት ይቅርታው ከቁጣው ባሰባት።

ቢሆንም መታረቂያ ፈለገች። የእማማ የእጅ ሰዓት አሁንም አሁንም ይቆማል፤ እማማም ማዶ ሱቁ ድረስ ይዘውት ሲመላለሱ አይሰለቹም። ያን ሰሞን ግን ሰዓቱ ሱቁ እንዳለ ጉንፋን ጣላቸው።

«ሰዓትዎን እኔ ላምጣልዎ፣ እማማ።»

«ተይው! እኔው እሄዳለሁ!» ብለው ከአልጋው ብድግ አሉ።

«ኧረ ይተኙ። እኔ ምን ሠርቼ?»

ብርድ ልብሱን አልብሳቸው ወጣች።

ሰዓት ሠሪው ብቻዋን ሲያዩአት ሰላምታውንም ዘነጉት። «ምነው፣ እማማ ታመሙ እንዴ?»

«ጉንፋን ነው፣ ጋሼ። ለመሆኑ ሰዓታቸው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያስቸግረው?»

«ኧረ ምንም አልሆነ፤ ያመጡት ዕለትም ይሠራ ነበር» አሉና ሊያወጡላት ወደ ጓዳ ገቡ።

ምራት ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ጠበቀች።

ከባንኮኒው መስታወት ሥር፣ በትንንሽ መፍቻዎችና ባትሪዎች መሐል፣ እማማና ሰዓት ሠሪው በአንዲት ጠባብ ፎቶ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይስቃሉ፤ የፎቶዋ ነጭ ጠርዝ ከላይ፣ ከታችና ከቀኝ ብቻ ነው፤ ግራው በመቀስ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።