ፍሊፐሩ ጥግ የሚቀመጡት ሽማግሌ

«አባባ... ከማሽኑ ላይ ይነሱልኝ ብዬ ስንቴ ልለምን?»

ጉዲና ነው። ዓይኑን ከፍሊፐሩ መስታወት ላይ ሳይነቅል ነው የጮኸው።

ክልሉ ገና የተቋቋመ ሰሞን ነው... አሶሳ፣ እትዬ የሻረግ ቡና ቤት።

ፍሊፐር ለማታውቁ፣ ባለ አራት እግር ሳጥን ነው። የብረቷን ኳስ በሁለት ክንፍ እየመታህ ጉድጓድ እንዳትገባ ትከላከላለህ። ገባች? በቃ፣ አለቀልህ።

ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አንድ ስምና አንድ ትልቅ ቁጥር ተጽፏል፤ እስከዛሬ ማንም ያልደረሰበት ነጥብ።

«ኡርጂ»... የጉዲና ታላቅ ወንድም።

«ከዚህ ሥር ስምህን ካላየሁ ወንድሜ አይደለህም» ብሎ እየሳቀ ዘመተ። አልተመለሰም።

እትዬ የሻረግ ደግሞ ማሽኑን ለባምባሲ ሰው ሸጠውታል። ነገ ጠዋት ይጫናል። የጉዲና ስም ግን እስከዛሬ ግድግዳው ላይ የለም።

ሁሌ የወንድሙ ነጥብ ላይ ሊደርስ ሲል ኳሷ ታመልጠዋለች። እሱም ማሽኑን በጡጫ ይነርተዋል፣ በእርግጫ ይለዋል።

ሁሌም እኚህ ሽማግሌ አጠገቡ አሉ... አባባ ዐወድ፣ የሆሞሻ ሰው። መጠጥ አይነኩም። ሻያቸውን ይዘው ዱካ ላይ ቁጭ፣ የማሽኑ ጥግ ላይ ደገፍ። የጀላቢያቸው አንድ ትከሻ ነትቦ አልቋል።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ አንተ ተጫወት። እኔ እዚህ ጥሩ ነው» አሉ።

«እርስዎ ሲደገፉት ነው ኳሷ የምታመልጠኝ። ገደ ቢስ ነዎት።»

የመጨረሻው ኳስ ቀርቶታል። የወንድሙ ቁጥር ላይ ለመድረስ ደግሞ ትንሽ ነው የጎደለው...

ክንዳቸውን ይዞ አስነሳቸው።

ዐወድ ማሽኑን ዞር ብለው አዩት። የሆነ ነገር ሊሉ ነበር... «መዓለሽ፣ ግድ የለም» ብቻ ብለው ወጡ።

ጉዲና ኳሷን ለቀቀ። አንዴ እንደመታ ማሽኑ በአንድ ጥጉ ዝቅ አለ... ኳሷም በጎን ተንከባላ ጉድጓድ ገባች።

ጎንበስ ብሎ አየ። አንዱ እግር በእንጨት የተተካ ነው። ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል። ሲነካው እንደ በሶ ፈረሰ።

«እትዬ... ይሄ መቼ ነው የሆነው?»

«ክረምት ላይ። ድንጋይ ባደርግበት አንተ ስትደበድበው ይንሸራተታል። ዐወድ ናቸው በትከሻቸው የያዙልህ።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ከሰማ አፍሮ ይተዋል፣ ከወንድሙ ሥር ስሙን ይጻፍ ብለውኝ ነዋ።»

እኔ ብሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ጉዲና እየሮጠ ወጣ። መስጊዱ ደጅ ደረሰባቸው።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ ቂም የለም። መብራት ገና አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያ ሂድ ተጫወት። ሶላት አድርጌ መጣሁ።»

ሰግደው ሲመለሱ ዱካው ላይ ጉዲና ተቀምጧል። ትከሻውን ከማሽኑ ጥግ ሥር አስገብቷል።

«ዛሬ የሚጫወቱት እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ያን ሁሉ ጊዜ ተሸክመውት አንድ ቀን ተጫውተው አያውቁም ነበር። ኳሷ ወዲያው ጉድጓድ ገባች። እንደ ልጅ ሳቁ።

ጉዲና ጠመኔውን አነሳ። ከወንድሙ ሥር ስም ጻፈ...

የራሱን አይደለም። «ዐወድ» ብሎ ነው የጻፈው። ቁጥሩ ትንሽ ነበር፣ እሱም ከጎኑ ተጻፈ።

ነገር አልሳካ ሲለን መጀመሪያ የምንቆጣው አጠገባችን ባለው ሰው ላይ ነው። ምን ተሸክሞልን እንደተቀመጠ ግን ጎንበስ ብለን አናይም።

እናንተስ... ገፍታችሁ ካስወጣችሁት በኋላ ደግፏችሁ እንደነበር ያወቃችሁት ሰው አለ? ስሙን ከታች ጻፉለት።