አባቴን የት ቀበራችሁት?

የግንበኛው እናት አልጋ ከያዘች ሦስተኛ ወሯ ነው። እህል አልጠየቀች፣ መድኃኒት አልጠየቀች። የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ከአባትህ ጎን ቅበረኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

አባቱ ግን የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም። ግንበኛው ገና ጡት ሳይጥል አባቱ አእምሮው ታወከና የአባቱ ወንድም የአእምሮ ሆስፒታል ወሰደው። በዓመቱ ያው ወንድም መጥቶ «አረፈ፤ እዚያው ቀበሩት» አለ። ተለቀሰ፤ አለቀ።

ግንበኛው መጀመሪያ የሄደው አጎቱ ዘንድ ነው።

«የሞተ ሰው አትቀስቅስ» አለው አጎቱ። «አርባ ዓመት የተኛ ነገር ነው። እናትህን ባገኘህበት ቅበር።»

«ጋሼ፣ መቃብሩን በዓይንዎ አይተውታል?»

አጎትየው መሬት መሬት አየ። የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ።

«ውጣልኝ» አለ።

ግንበኛው እያሰበ ወጣ። ሰው ወንድሙ ላይ ምን ቢሠራ ነው እንዲህ የሚሆነው? «እውነቱን አንተው አውጣው» ብሎ ፈጣሪውን ለመነና በማግስቱ ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ ሄደ።

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ የረጠበ ወረቀት ይሸታል። መዝገብ ጠባቂው መነጽሩን በፕላስተር የጠገነ ሽማግሌ ነው።

«በዚህ ግቢ ጤነኞቹ እኔና አይጦቹ ብቻ ነን» አለ እየሳቀ። «ማንን ልፈልግልህ ልጄ?»

ግንበኛው የአባቱን ስም እስከ አያት ነገረው፤ የገባበትን ዓመትም ጨመረ። ሽማግሌው በጥቁር ክር የታሰሩትን የሟቾች ፋይሎች አንድ በአንድ አየ። የለም። በነጭ ክር የታሰሩትን፣ ድነው የወጡትን አየ። እዚያም የለም። ከዚያ ትልቁን የመግቢያ መዝገብ ገለጠ። ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«መግባቱንስ ገብቷል» አለ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ሞተ ያላችሁ ማነው?»

«አጎቴ።»

«ወረቀት አሳያችሁ?»

«ኧረ በቃሉ ነው። ወንድም አይደል? ማን ወረቀት ይጠይቀዋል?»

ሽማግሌው በሩን ዘጋ። ስልክ አነሳና ጀርባውን ሰጥቶ አንሾካሾከ። ግንበኛው የሰማው «ልጅ ነኝ የሚል ሰው መጥቶብናል» የምትለዋን ብቻ ነው። አንድ ነገር ብቻ ታሰበው። ገድለውታል። ከአጎቱ ጋር መክረው ፋይሉን አጥፍተውታል።

«አባባ፣ አልከስም፤ አልጣላም» ብሎ ሽማግሌውን ለመነ። «አጥንቱን ብቻ አሳዩኝ። እናቴ እየጠበቀችኝ ነው።»

«ተቀመጥ። ነገሩ ከኔ በላይ ነው።»

ተቀመጠ። ሲሚንቶ የበላቸውን እጆቹን አጣምሮ በልቡ ጸለየ። ጌታ ሆይ፣ ክፉም ቢሆን እውነቱን አሳየኝ፤ ብቻ የምችልበትን ጉልበት ስጠኝ።

ኮሪደሩ ላይ የጫማ ኮቴ ተሰማ። በሩ ሲከፈት አንዲት ነርስ ወፍራም ፋይል ታቅፋ ገባች። ፋይሉ ላይ ጥቁርም ነጭም ክር የለም። ግንበኛውን ከግንባሩ እስከ ጫማው አየችው፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ቶሎ ና» አለችው፤ «አባትህ ምሳቸውን ከበሉ በኋላ ይተኛሉ።»