መንገዱ የታጠፈበት ክምር ድንጋይ

የአሰገደች ሆቴል በር ሰማያዊ ነው። ኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ «ሰማያዊ በር» ያሉት የቦዳ ቦዳ ሞተር ነጂ ሌላ ምልክት አይጠይቅም። የቀባው ባሏ ገብረመድኅን ነው። ቀለም በነካ እጁ የጓጉንቸሩን ቁልፍ ይዞ ስላበላሸው ያን ቀን ተቆጥታው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከተማው ውስጥ ተኩስ ተነሳ። አሰገደች ልጇን ሊናን አዝላ ወደ ኢትዮጵያ በኩል ተሻገረች፤ እሱ ቤቱን ሊጠብቅ ቀረ። ነገሩ በርዶ ስትመለስ በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ውስጥ አንዲት ብርጭቆ እንኳ አልተሰበረችም። ገብረመድኅን ግን የለም።

ናይሮቢ አየነው ያሉ ነበሩ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌርማ ሌላ ሴት ይዟል ብሎ የሴትዮዋን መልክ ሳይቀር ተናገረ። ሞያሌ ወሬ ሲያመጣ እንደ ልብስ ሰፍቶ፣ ቁልፍ ተክሎ፣ ተኩሶ ነው። አሰገደች አልሰማችም፤ ጠበቀችው። ሊና ዛሬ እናቷን በቁመት አልፋለች፤ አሰገደች ግን አሁንም ቀለሙ በደበዘዘ ቁጥር ያንኑ ሰማያዊ ታስቀባለች፣ ጓጉንቸሩንም አልቀየረችም። ሲመጣ ቤቱ እንዳይጠፋበት ነው።

ዘንድሮ መንገዱ ይሰፋል ተባለ። የወሰን ካርታው የአካባቢው ሹም፣ የቺፉ፣ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ቅሬታ ያለው አይቶ ያመልክት ተባለ። ካርታው ላይ ሁለት ቀይ መስመሮች አሉ፤ በመካከላቸው የወደቀ ቤት ይፈርሳል። መስመሮቹ ከታች ቀጥ ብለው መጥተው ልክ የጎረቤቷ የጉዮ ግቢ ሲደርሱ ይታጠፉና በሰማያዊው በር ላይ ያልፋሉ።

«ለምን ታጠፈ?» አለች።

ካርታውን የሚመረምረው ቀያሽ ያታኒ ይባላል፤ ዋልዳ ከኢትዮጵያ ስደተኞች ጋር ስላደገ አማርኛ አይቸግረውም። ጣቱን አንዲት ጥቁር ነጥብ ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ መቃብር አለ፣ ማማ ሊና። መቃብር ደግሞ ከተቻለ አይነካም። ያሳየን ጉዮ ነው።»

«የማን መቃብር?»

«የእንግዳ ነው አለን። ሌላ አልተናገረም።»

አሰገደች ሳቀች፤ የንዴት ሳቅ ነበር። የጉዮ ወገን ሲሞት አገሩ ዳበል ተወስዶ እንደሚቀበር ሞያሌ ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ለቅሶ ሄዳለች። ግቢው ጥግ ያለው ክምር ድንጋይ እንደሆነ ከአጥር ሥራ የተረፈ ነው። እርግጥ ጉዮ እዚያ ፍየል አያስደርስም፤ ሲያልፍም አንድ ድንጋይ አንስቶ ይጨምርበታል። ሽማግሌ የማያደርገው የለም ብላ ትታው ነበር።

ጉዮን ቤቱን ሊያተርፍ ዋሸ ብላ መጠርጠሩ ራሱ አመማት። ከዚያ ከተኩሱ ዘመን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ለሊና የግመል ወተት የሚያቀብል ሰው ነው፤ ዋጋ ሲሰጡት እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል። እንዲህም ሆኖ ሄደችበት።

«ጉዮ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ እኮ። ሰው ያልሞተበት ግቢ መቃብር ከየት መጣ?»

ጉዮ መሬት መሬቱን አየ። «ተይው፣ ማማ ሊና።»

«ቤቴ ሊፈርስ ነው።»

«የኔን ውሰጂ። ቤቱንም ግቢውንም። እኔ ዳበል እገባለሁ። ድንጋዩን ብቻ እንዳትነኪ፤ አደራ።»

«ያንተን ቤት ምን ላደርገው? ገብረመድኅን የሚያውቀው የኔን በር ነው።»

ጉዮ አንድ ድንጋይ አንስቶ ክምሩ ላይ ጨመረ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ አለች በልቧ። ያልዋሸ ሰው ቤቱን በነጻ አይሰጥም።

ቺፉ ዘንድ ሄደች፤ ካርታውን እኔ አልሳልኩትም አላት። ያታኒ «የሚወስነው ናይሮቢ ነው» አለ። ናይሮቢ ስልክ አያነሳም። በሳምንቱ ሠራተኞች መጡና ሰማያዊው በር ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ኤክስ አሰመሩበት። በጨርቅ ብትፈትገው ይብስ ተዝረከረከ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሊናም አጠገቧ ተቀመጠች።

የቀራት አንድ መንገድ ነበር። መቃብሩ የውሸት ነው ብላ አመለከተች። ተቆፍሮ ባዶ ከሆነ መስመሩ ይቃናል፣ በሩም ይተርፋል። ፈቃዱ ብዙ ካጉላላት በኋላ መጣ።

በቁፋሮው ጠዋት ቺፉም ያታኒም የጤና ሰውም ተገኙ። አሰገደች አንድ ቆርቆሮ ሰማያዊ ቀለም ይዛ መጣች፤ ከዚያው ሄዳ ኤክሱን ልትሸፍን። ጉዮ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሲያዩት ያሳዝናል፤ እሷ ግን ያን ዕለት አላዘነችለትም።

ድንጋዩ ተነሳ። ቆፋሪው ጋልማ ጥቂት እንደቆፈረ አካፋውን አስቀምጦ በእጁ አፈር መጥረግ ጀመረ።

«ሰው አለ» አለ።

አሰገደች በሀፍረት ተሸማቀቀች። በአንድ አፍታ ቤቷንም ጎረቤቷንም አጣች። «ማረኝ፣ ጉዮ» አለች። ጉዮ አልዞረም።

«ፖሌ፣ አይዞሽ፣ ማማ ሊና» አለ ያታኒ። «መስመሩ እንዳለ ይቆያል። አሁን ዘመድ ማፈላለግ ነው።»

ጋልማ ከጉድጓዱ አንዲት ትንሽ ነገር አውጥቶ በአውራ ጣቱ ጠረጋትና ሁሉም እንዲያያት ከፍ አደረጋት። የነሐስ የጓጉንቸር ቁልፍ ነበረች።

«የሚያውቃት አለ?» አለ።

ቁልፏ ላይ ሰማያዊ ቀለም ነበረባት።