በከሰል የተቆጠሩ ቀናት

ሐሙስ፣ ሚያዝያ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ግራጫዋን ጥንቸል በጠፍጣፋው ጣሪያችን ካነጠፍሁት ጆንያ ላይ አስቀምጬ ቀኝ እጄን ከሆዷ ሥር አስገባሁ። እናቴ ኢንሳፍ ከፊቴ ተንበርክካ የጥንቸሏን ትከሻ በቀስታ ይዛለች። ከታች በራችን ላይ የእህቴን የራቲባን የሙሽርነት ዕቃ የጫነው መኪና ሞተሩን አላጠፋም።

በመንደራችን ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት የምትገባው ከፍራሿና ከድስቶቿ ጋር በእናቷ ጣሪያ የተወለዱ ሦስት ሴት ጥንቸሎች ይዛ ነው። የባሏ ዘመዶች ከሁሉ አስቀድመው የሚከፍቱት የጥንቸሎቹን ሣጥን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ታላቅ እህታችን ወጊዳ የወሰደቻቸው ገና ሦስት ሳምንታቸው ነበር፤ ሣር መቆርጠም ስለ ጀመሩ ብቻ ጡት አስጥለናቸው ሄዱ። በአምስተኛው ቀን ሦስቱም በተቅማጥ አለቁ። አማቷ ወጊዳን «ገደቢስ» አለቻት፤ ቃሉም እስከ ዛሬ አልለቀቃትም።

ስለዚህ የራቲባን ጥንቸሎች ለማሳደግ እኔ ለምኜ ተረከብሁ። ጥቅምት ሃያ ስድስት ከተወለዱ ጀምሮ፣ ከሚያድሩበት፣ በጎኑ ከተጋደመው አሮጌ ጋን በላይ፣ ግድግዳው ላይ በየቀኑ አንድ የከሰል ጭረት አኖርሁ። ግልገል መቁጠር በቤታችን አይፈቀድም፤ እናቴ የሰው ዓይን ትፈራለች። በቀናት ቁጥር ግን ማንም አይቀናም። ሠላሳ አምስተኛው ጭረት እስኪሞላ ከእናታቸው አልለየኋቸውም፤ ከዚያም በኋላ በርሲም የምንለው የመኖ ሣር ጤዛው ፀሐይ ላይ ሳይደርቅ ወደ አፋቸው አልደረሰም።

አራት ወር ሲሆናቸው የአባቴ እህት አክስቴ ኢዕቲዳል ወንድ ጥንቸላቸውን በብብታቸው ይዘው ደረጃውን ወጡ። ከሽንኩርት ነጋዴው የተዋስሁት ሚዛን ላይ ሴቶቹን አስቀመጥሁ፤ ሦስት ኪሎ አልሞሉም። ለማርገዝ ገና ናቸው ብዬ አክስቴን ከነወንዳቸው መለስኋቸው። ቆሞ ቀር ልታደርጊያቸው ነው፣ ብለው ሰፈሩን ሁሉ አሳቁብኝ። አምስት ወር ከሞላቸው በኋላ፣ መጋቢት ሃያ ስምንት፣ እኔው ራሴ ሦስቱንም ወደ ወንዱ ቤት ወሰድኋቸው፤ ሴት ጥንቸል በገዛ ቤቷ የመጣባትን ወንድ ትነክሳለችና። ዛሬ ዐሥራ አራተኛ ቀኑ ነው። ፅንስ የያዙ ከሆነ በጣት የሚታወቅበት ጊዜ ነው።

አክስቴ በተገለበጠ ገንዳ ላይ ተቀምጠዋል።

«አንቺ ልጅ፣ የመኪናው ነዳጅ ሊያልቅ ነው። ሆዷ ውስጥ መርፌ ጠፍቶብሻል እንዴ?»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ አክስቴ።»

«ስታገሥ እነሱም አረጁ፣ እኔም አረጀሁ። ባዶ ከሆኑ ከጋኑ ትንንሾቹን አውጪና ይሂዱ። እነሱ እንኳ ሲያዩአቸው ያምራሉ።»

አሁን በጋኑ ውስጥ ያሉት የሌላ ጥንቸል ግልገሎች ናቸው፤ ገና ሃያ ቀናቸው ነው። እናቴ ወደዚያ ዞር ብላ አየች፤ ወጊዳን እንዳሰበች ከፊቷ ገባኝ። በዚህ ዕድሜዋ ያልያዘች ጥንቸል መሃን ትባላለች፤ መሃን ጥንቸል ደግሞ ስጦታ አድርጋ ማንም እናት አትልክም፤ እኔ ከተሳሳትሁ ዛሬ እነዚያ ሕፃናት ይጫናሉ።

ጣቶቼ መጀመሪያ ያገኙት ጠጣር፣ እንደ ሽምብራ የደረቀ ነገር ነበር፤ በጠጥ ነው። እጄን ወደ ኋላ እግሮቿ አስጠግቼ፣ ትንፋሿን ጠብቄ፣ እንደገና ወደፊት ሳብሁ። ያን ጊዜ የወይራ ፍሬ የሚያህል፣ ልስልስ ያለ ነገር ከጣቶቼ መሐል አምልጦ ሄደ። ከጀርባውም ሌላ ነበረ።

«ይዛለች» አልሁ።

ሁለተኛዋን፣ ጆሮዋ ጥቁር የሆነውን፣ አመጣሁ። እርሷም ይዛለች። አክስቴ ከገንዳው ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ።

«የኔ ወንድ መቼ ያሳፍራል» አሉ። ከዚያም ወደ ግድግዳው ቀርበው የከሰል ጭረቶቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲያዩ ቆዩ፤ አንዱንም በጣታቸው አልነኩም። ደረጃውን ሲወርዱ፣ የወንድሜ ልጅ በእጇ ያሳደገቻቸው ናቸውና መኪናውን ቀስ አድርገህ ንዳ ብለው ሹፌሩን ከወዲሁ ሲያስጠነቅቁት ሰማሁ። የወንድሜ ልጅ ብለው በሰው ፊት ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

ነጯ ብቻ ቀረች። እናቴ ይዛልኝ እጄን ከሆዷ ሥር አስገባሁ፤ ብዙም ሳልፈልግ አገኘሁ። ቀና ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እናቴ ግን አልለቀቀቻትም። ጣሪያው ላይ ከእኛ በቀር ማንም እንደሌለ ለማረጋገጥ ግራና ቀኝ አየች፤ ፊቷ ላይ ወጊዳ ከተዳረች ወዲህ ያላየሁት ብርሃን ነበረ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«ራውያ፣ ስንት ናቸው? እስቲ ቁጠሪልኝ።»

ጣቶቼ በሙቁ ሆድ ሥር ተራውን ተከትለው አምስተኛውን አለፉ፣ ስድስተኛው ላይ ደረሱ። ከታች መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። አሁን የሰው ዓይን የፈራሁት እኔ ነበርሁ፤ ቁጥሩን ለራሴ ይዤ ነጯን ወደ ሣጥኑ አስገባኋት።