ሃምሳው ቀን ሳይገባ

«እናንተ ዘንድ የማይዳሰሰው የቱ ነው?» አለች ሰርካለም።

እስከዳር ሳቀች። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ክኒኑን፣ መርፌውን፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውንና ማህፀን ውስጥ የሚገባውን ሉፕ የጤና ኬላው ጠረጴዛ ላይ ደርድራ አስረድታ መጨረሷ ነበር። «ሰው ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ነው የሚጠይቀኝ። አንቺ ደግሞ!»

«አማቴ ወጌሻ ናቸው እኮ።»

ይሄኔ የእስከዳር ሳቅ ቆመ። የእትዬ ጥሩሸዋን ጣት በዚያ አገር የማያውቅ የለም፤ የወለቀ ትከሻ በጋቢ ላይ ዳሰው ይለያሉ። የክብሪት እንጨት የምታህለው ነገር የሰርካለም ክንድ ውስጥ ብትቀበር፣ ቅቤ ቀብተው ሲያሿት በመጀመሪያው ቀን ያገኙባታል። ካገኙማ መጀመሪያ ልጃቸውን ይታየውን፣ ቀጥሎ ቄሱን ነው የሚጠሩባት።

«ሰሞኑን ደግሞ ሳያሹኝ አያድሩም» አለች ሰርካለም። «ሆዴን ይነኩና ለብቻቸው ፈገግ ይላሉ። ምን እንደሚያስቃቸው እሱ አንድዬ ይወቅ።»

ከቤት የወጣችው ልጁን አስከትባለሁ ብላ ነው። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። እሱን ስትወልድ ምጥ ጠንቶባት፣ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ወርዳ፣ ሆስፒታል ሆዷ ተቀዶ ነው የተረፈችው። ሐኪሙ ይታየውን ቁጭ አድርጎ፣ «ቶሎ ከደገመች ስፌቱ ይተረተርና ሁለቱንም ታጣለህ» ብሎታል። ይታየው በጆሮው ሰምቷል። እናቱ ግን «እግዜር የሚሰጠውን ሐኪም ይከለክላል?» ሲሉ ጊዜ ዝም አለ። እሷን የሚያስፈራት ያ ዝምታው ነው።

«ታዲያ እስካሁን በምን ቆየሽ?»

«በጾም» አለች፣ ኮራ ብላ። ይታየው መቼም ጾም አይሽርም። ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፤ ሌላውን ቀን ራሴን አመመኝ ብላ ታልፈዋለች። ሁዳዴ ሲገባማ ለብቻዋ ተጠቅልላ እፎይ ብላ ነው የከረመችው። ደግሞም እያጠባች ስለሆነ ወር አበባዋ አልተመለሰም፤ እሱ ሳይመጣ አይረገዝም ሲባል ሰምታለች። «አሁን ግን ጉዴ ፈላ። ነገ ስቅለት ነው። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ። የት ልግባ?»

እስከዳር ትክ ብላ አየቻት። «በይ እንግዲያው መርፌው ይሻልሻል። ቢዳስሱሽም አይገኝም። በየሦስት ወሩ ልጅሽን አዝለሽ ብቅ ማለት ነው።»

ሰርካለም የሹራቧን እጅጌ ወዲያው ሰበሰበች። «ውጊኝ።»

«ቆይ እንጂ፣ ወር አበባሽ ካልመጣ መጀመሪያ ሽንትሽን እናያለን።»

«ምን ልታዪ? ሁዳዴን ሙሉ አልነካኝም እያልኩሽ!»

«ደንቡ ነው፣ የኔ እህት።»

ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሽንቷን ይዛ ስትመለስ አፏን በእጇ ሸፍና ነበር። ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻታል፤ ባቄላው አልስማማ ብሏት ነው፤ ጾም ሲረዝም ያው ነው አለች። እስከዳር መመርመሪያዋን ነክራ መስመሩን ትጠብቅ ጀመር። ሰርካለም ብቻዋን አወራች፣ አወራች።

«የቅበላ ዕለትስ?» አለች እስከዳር፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

የቅበላ ዕለት በግ ታርዶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ይታየው ከነገ ጀምሮ እኮ ጾም ነው እያለ ሲለማመጣት አምሽቶ ነበር። ሰርካለም ልትስቅ ብላ ተወችው። «አንድ ቀን እኮ ናት!»

እስከዳር መመርመሪያዋን አዞረችላት። ሁለት ቀይ መስመር።

ምን ማለት ነው ብላ አልጠየቀችም። እጇ ሳታዘው ወደ ሆዷ ጠባሳ ሄደ። ተመስገን፣ ተረፍኩ እያለች የጾመችውን ያን ሁሉ ቀን፣ ለካ ብቻዋን አልጾመችውም።

«ሆስፒታል ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ። ከሐኪሙ ጋር እንመክራለን፤ አይዞሽ» አለች እስከዳር። የምታደርገው ስታጣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ታነሳ ጀመር። ክኒኑን፣ ሉፑን ወደ ካርቶኑ መለሰች። መርፌው ላይ ስትደርስ ሰርካለም እጇን ያዘቻት።

«ተይ፣ እሱን አታንሺው» አለች፣ ክንዷን ወደ እሷ እየዘረጋች። «ገና አልወጋሽኝም እኮ።»